እናቴ የደበቀችው ከፈን

ጅዳ እሠራበት የነበረው ቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቅመሙ የት የት እንደሚቀመጥ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ከምድጃው በላይ ከሙን፣ ከጎኑ ቅርንፉድ፣ ከታች እመቤቲቱ ማንም እንዳይነካባት የምትቆልፍበት ሄል። ምን ይሠራልኛል? ምንም! ተመልሼ የማልገባበት ቤት ነው፤ እመቤቲቱም አንድ ቀን ስሜን አስተካክላ ጠርታኝ አታውቅም። የገዛ ቤታችን ውስጥ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ዳር፣ የእናቴ ከፈን የት እንደገባ ግን ማናችንም ማስታወስ አቃተን። የሰው ጭንቅላት እኮ ጉድ ነው! የማይረባውን አንቆ ይይዛል፣ የሚያስፈልገውን ይጥላል።

ከፈኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዐረብ አገር የተመለስኩት ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ዓመት ነበር። ባጃጅ ውስጥ ለውጥ፣ ሱቅ ውስጥ ለውጥ፣ ሬዲዮው ሲከፈት ለውጥ። እናቴ "ለውጡ ልጄን ከመለሰልኝ እሰየው" አለችና ሻንጣዬን መበርበር ጀመረች። የወርቅ ጉትቻ አምጥቼላት ነበር፤ "አላህ ይስጥሽ" ብላ ትራስ ስር ወሸቀችው። ከፈኑን ስታይ ግን እልልታውን አቀለጠችው። ዑምራ የሄድኩ ጊዜ ነጩን ጨርቅ በዘምዘም ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ ነው ያመጣሁላት። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ሰውየው የሚቀበርበትን ጨርቅ ከተቀደሰው አገር አገኘ ማለት ነው።

ለሰፈሩ ሁሉ አሳየች። በአጥር የሚዋሰኑን ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛዋ፣ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ውይ ሲለሰልስ! ይህንንስ ለብሶ መሞት ያምራል" አሏት።

"አንቺ ግሸን ስትሄጂ የምትለብሽው ነጠላ አለሽ። በእኔ ላይ ዓይንሽን አትጣይ!" አለችና ሁለቱም እስኪያልባቸው ሳቁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው አደይ አበባው ሳይረግፍ ነው። መጀመሪያ ወሬው መጣ፣ ቀጥሎ ከአምባሰል በኩል ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ የሚወርደው ሰው መጣ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከባድ መሣሪያው የቤታችንን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጠው አባቴ ላሟን ፈታ፣ እኔ ጥጃዋን ያዝኩ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአጎቴ ቤት ልንሸሽ ወጣን። እናቴ "ቅደሙ፣ መጣሁ" ብላ ወደ ኋላ ቀረች።

መንገዱ ጥምዝ ላይ ስትደርስብን ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እጇ ባዶ ነው።

"ከፈኑስ?" አልኳት።

"ደብቄዋለሁ።"

"ምን ነካሽ እማዬ! ጨርቅ እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል? አትይዥውም ነበር?"

"እንዴ! ከፈን ተሸክሞ መንገድ መውጣት ሞትን 'ና ተከተለኝ' ማለት አይደለም ወይ? ዐረብ አገር ይህንን እንኳ አላስተማሩሽም?"

"እሺ የት ደበቅሽው?"

"ሰይጣን ራሱ የማያስበው ቦታ" አለች ኮራ ብላ። እውነቷን ነው። ሰይጣንም አላሰበው፣ እሷም አላሰበችው።

ጦርነቱ አልፎ ወደ ቤታችን ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ጎታው ተራቁቷል፣ ጉትቻው ከነትራሱ የለም። እናቴ "ጉትቻው ይሂድ፣ ነፍስ ተርፏል" አለች። ጓሮ ከአጥሩ ጥግ ባዶውን የከረመው የአባቴ ቀፎ ግን ንብ ገብቶበት ጠበቀን። አባቴ ደስ አለው፤ "አገሩ ሁሉ ሲሰደድ እነዚህ ወደ እኔ ተሰደዱ" እያለ ለመጣው ሰው ሁሉ አወራ። እናቴ በዚህ መሐል ቤቱ መካከል ቆማ ቀርታለች።

"ምነው?" አልኳት።

"የት ነበር ያደረግኩት?"

በመጀመሪያው ቀን ሳቅን። በሁለተኛው ቀን ፈለግን። ከዚያ በኋላ መሳቁም መፈለጉም የዘወትር ሥራችን ሆነ። የሚገርመው የቀረውን ሁሉ አንድም ሳታጎድል ታስታውሳለች። ምድጃው ላይ ሽሮ ጥዳ ነበር፣ ጨው አልጨመረችበትም። ቀይዋ ዶሮ ወፍጮው ላይ ወጥታ ነበር፣ "ውረጅ አንቺ ከይሲ" ብላታለች። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶባታል።

"እጅሽ ምን ይዟል?" እላታለሁ።

"ከፈኑን።"

"እግርሽስ ወዴት ሄደ?"

"እሱን ነው እንጂ ያጣሁት! ይህን ባውቅ አንቺን ምን ልታደርጊልኝ እጠይቅሻለሁ?"

እኔ ደግሞ በበኩሌ ወላሂ ብዬ ምያለሁ። በአረንጓዴ ፌስታል ጠቅልላ ጎታው ሥር ስትከትተው አይቻለሁ አልኩ። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ እንኳ ጆሮዬ ላይ አለ። ጎታውን ገልብጠን፣ ጠርገን፣ ሥሩን ቆፈርን። ምንም የለም። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው አፈርኩ። አረንጓዴው ፌስታል ከጅዳ ስመጣ ከፈኑን ያመጣሁበት ነው። እናቴ በደበቀችበት ሰዓት እኔ ጥጃ እየጎተትኩ መንገድ ላይ ነበርኩ! ያላየሁትን ነገር ነው ቁልጭ አድርጌ ያስታወስኩት። የሰው ትዝታ የሰፈር ወሬ ማለት ነው፤ ባወሩት ቁጥር አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ ማን እንደጀመረውም አይታወቅም።

አባቴ በእኛ ይስቅብን ነበር። አሣ አጥማጅ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ሐይቁ ላይ ነው። መረቡን ሌላ ሰው እንዳያነሳበት ላዩ ላይ ምንም ሳይተው ውሃው ሥር ያሰጥመዋል፣ በማግስቱ ሄዶ ሳይሳሳት ያወጣዋል። ዘዴው ምልክት ነው። ታንኳው ላይ ሆኖ ዳር ያለው ትልቁ ሾላ ከመስጊዱ ሚናራ ጋር ሲገጥምለት፣ በሌላው ወገን ደግሞ ጉብታው ላይ ያለው ቆርቆሮ ቤት ከጀርባው ካለው ገደል ጋር ሲገጥም፣ መረቡ እዚያ ነው።

"እኔ ውሃ ውስጥ ያስቀመጥኩትን አገኛለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ውስጥ ያስቀመጥሽውን ታጫለሽ። አጂብ ነው!" ይላታል።

ታዲያ ከሽሽቱ በፊት አስጥሞት የሄደውን መረቡን ሊያወጣ ታንኳውን ይዞ ወጣ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባዶ እጁን፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሾላው የለም። በጦርነቱ ሰሞን ለማገዶ ተቆርጧል። ሚናራው ብቻውን ቆሟል፤ ብቻውን ደግሞ ከምንም ጋር አይገጥምም። አባቴ ሰፊ ውሃ ላይ ሲዞር ውሎ መጣ። ልስቅበት አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳይ ዘጋሁት።

እናቴ ምሳውን አቀረበችለት። "አብሽር" አለችው። "ዛፍህን ቆረጡብህ። እኔም ዘንድ የሆነ ዛፍ ነው የቆረጡብኝ።"

ስለ መርሳት ከዚህ የተሻለ ነገር የነገረኝ ሰው የለም። ዕቃው ባለበት አለ፣ ምልክቱ ነው የሄደው።

አባቴም ከዚያ ወዲያ መሳቅ ትቶ ዘዴ መፈለግ ያዘ። "ምልክቱን መልሰን እንትከለው" አለ። ያንን ጠዋት እንደገና እናድርገው ማለቱ ነው። ምድጃው ላይ ጨው የሌለው ሽሮ ተጣደ። ቀይዋ ዶሮ በማን እንደተበላች አላህ ይወቅ፤ በእሷ ፈንታ ነጯን ወፍጮው ላይ አስቀመጥናት። የጫማውን ማሰሪያ እናቴ ራሷ በጠሰችው። የከባድ መሣሪያውን ድምፅ አባቴ ወሰደ፤ ባዶ በርሜል ደጅ አውጥቶ በዘነዘና ይደበድበው ጀመር። ዱም! ዱም!

እናቴ መጀመሪያ ላይ አፏን በሻሿ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። አባቴ ሲደጋግመው ግን ፊቷ ተለወጠ። ሳቋ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ማማሰያውን ጣለች፣ ትራስ እንደ ከፈን ሰጥተናት ነበር፣ እሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ በጓሮ በር ወጣች። እኔ ከኋላዋ ትንፋሼን ይዤ እከተላለሁ። ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ሄደች፣ ሄደች፣ ንቦቹ ዘንድ ስትደርስ አንዱ ፊቷ ላይ ውር አለባትና እጇን አወናጭፋ ተመለሰች። በዚያው ቅጽበት መንገዱ ላይ ጩኸት ተነሳ።

ለካ ሰፈሩ ሁሉ የበርሜሉን ድምፅ ሰምቶ ነቅሎ ወጥቷል! አንዱ አህያ ይጭናል፣ አንዷ ልጆቿን ትቆጥራለች። ጎረቤታችን ዘንቢላቸውን በአንድ እጅ፣ ዶሯቸውን በብብታቸው ይዘው አጥራችንን ጥሰው ገቡ።

"ምን ትጠብቃላችሁ! ውጡ እንጂ! አትሰሙም እንዴ?"

አባቴ ዘነዘናውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጎረቤታችን በርሜሉን አዩ፣ ዘነዘናውን አዩ፣ አባቴን አዩ።

"አንተ የተረገምክ ሽማግሌ! ጦርነትም ጨዋታ ሆነ?" አሉና ዶሮዋን ለቀው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ቀጥለው ሳቁ። ቀጥለው ደግሞ አለቀሱ። እናቴም አጠገባቸው ተቀምጣ አብራቸው እንዲሁ ሆነች። የጨርቁን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም። ኋላ እንዳወቅነው ጎረቤታችን ያንን ዘንቢል ከተመለሱ ጀምሮ በር ጥግ አዘጋጅተው ነው የሚተኙት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኛ አንዲት ነገር ለማስታወስ በርሜል እንደበድባለን፣ እሳቸው አንዲት ነገር መርሳት አቅቷቸው ዘንቢል ያዘጋጃሉ።

እናቴን ከዚያ በኋላ ደም ግፊቷ ተነሳባት። ከበርሜሉ ነው የሚሉ አሉ፤ አባቴም እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፣ ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶን ልባችሁን አዘጋጁ ዓይነት ነገር ተናገረ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ያለ ኀፍረት አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስገባ፣ አባቴ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ዱዓውን እያደረገ ሳለ ዓይኗን ገለጠች።

"ተገኘ?" አለች።

"አልተገኘም" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ወደ ቤት ውሰዱኝ። ከፈኔ ሳይገኝ አልሞትም። ልጄ በዘምዘም ያጠበችልኝን ትቼ በሱቅ አቡጀዲ አልቀበርም።"

እንዳለችውም አልሞተችም! ቆማ ሄደች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ አለ፤ ይሁን፣ መድኃኒቱም ይሥራ። እናቴ ግን ቤት ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዱላዋን ይዛ የበረቱን ጥግ መቆርቆር ነው። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ ሲያያት እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

ሰኔ ላይ አባቴ ጭሱን አያይዞ ማር ሊቆርጥ ወደ ቀፎው ሄደ። ለማር ሲሆን እኔም እናቴም ሳህን ይዘን ነው የምንጠብቀው። ባዶ እጁን ተመለሰ።

"ንቦቹ ተቆጥተዋል፣ ማሩም አልደረሰም" አለ። ፊቱ ላይ አንድ ንድፊያ እንኳ አልነበረም። እኔ ሞኟ "ይሁን" ብዬ ሳህኔን መለስኩ።

ከዚያን ቀን በኋላ አባቴ ማስታወስ ጀመረ። አያድርስ ነው! "ትዝ አለኝ! በረቱ ሥር ነው፣ ስትቀብሪው አይቼሻለሁ" ይላል። እንቆፍራለን፣ የለም። ሰንበት ብሎ ደግሞ "አይ፣ ምድጃው ሥር ነው" ይላል። ምድጃ እናፈርሳለን፣ የለም። ጣሪያ አስወጥቶኛል፣ የደረቀ ጉድጓድ አስወርዶኛል። እኔ እጄ ተልጦ እበሳጫለሁ፤ እናቴ ባልተገኘ ቁጥር አፈሩን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ "አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነኝ ማለት ነው" ትልና ጎመኗን ልትኮተኩት ትሄዳለች።

"አባዬ ጃጅተሃል" አልኩት አንድ ቀን፣ ቁጣዬ ገንፍሎ። "መጀመሪያ በረት አልክ፣ ቀጥለህ ምድጃ አልክ። ታከም!"

"እርጅና ነው ልጄ፣ ምን ይደረግ" አለ እንደ መሳቅ ብሎ።

የሚቀጥለው ጥቅምትም መጣ። ቀፎው ሞልቶ ንቡ ደጁ ላይ ይንጠለጠላል። ማር እስኪደርስ ድረስ ቀን የሚቆጥረው አባቴ መቁረጥ "ረሳሁት" አለ። ለጎረቤታችን "አባቴ እያለቀ ነው" ብዬ በእንባ ነገርኳቸው። "ሁላችንም እያለቅን ነው፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው" አሉኝ።

በበጋው ድርቁ ሲጠና ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ሄዱ። አባቴ ሐይቁ ላይ በነበረበት አንድ ቀን ምስጥ ሳይበላው ልጥረገው ብዬ የቀፎውን የኋላ ክዳን ከፈትኩ። ፊት ለፊት የደረቀ የማር እንጀራ አለ። ወደ ውስጥ እጄን ስሰድ ጨርቅ ነገር ነካሁ።

አወጣሁት። በጆንያ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ስፈታው ውስጡ ነጭ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። ያ ጠዋት ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ያኔ ቀፎው ባዶ ነበር። የንብ ቀፎ የሚበረብር ማን አለ ብላ፣ ብልሃተኛዋ እናቴ፣ እዚያ ከተተችው። ስንመለስ ባዶ ቀፎ የለም፤ ንብ ያለበት ቀፎ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ለእሷ ሌላ ነገር ነው። በርሜሉ በተደበደበ ዕለት እግሯ በትክክል ወስዷት ነበር። ንቡ መለሳት።

ዘልዬ ልጮህ ነበር። "እማዬ!" ልል አፌን ከፍቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ላስቲኩ የታሰረበት ሲባጎ ላይ ያረፈው። የመረብ ሲባጎ ነው። ቋጠሮውም የመረብ ቋጠሮ ነው፣ እርጥብ ሲሆን የማይላላው ዓይነት። እናቴ ስታስር እንደ አህያ ጭነት ነው የምታስረው፤ እኔም ያንን ቋጠሮ አልችለውም። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።

እዚያው አጥሩ ጥግ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም። ያ ሁሉ ጉድጓድ! ያ ምድጃ! ጃጅተሃል ስለው "እርጅና ነው" ብሎ ሳቀብኝ! ቀጥሎ ደሴ አልጋ ላይ ሆና የተናገረችው ጆሮዬ ላይ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ያንን ቃል እኔም ሰምቼው ነበር። እኔ ቀልድ አደረግኩት፤ አባቴ ግን አምኖ ያዘው።

ከፈኑን አጣጠፍኩት። ቋጠሮውን እንደ እሱ ማሰር ስላቃተኝ እንደ አቅሜ አሰርኩት። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ ክዳኑን መለስኩ፣ ጭቃና እበት ለውሼ ዙሪያውን ደህና አድርጌ ለሰንኩት።

ወደ ቤት ስገባ አባቴ ከሐይቁ ተመልሶ በር ላይ ተቀምጧል። እጄን አየ። ጭቃው እስከ ክርኔ ደርቋል። ወደ አጥሩ ጥግ ዞር ብሎ አየ፣ ቀጥሎ ዓይኔን አየ። ተነስቶ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን አመጣና፣ ሴት ልጁን አስታጥቦ የማያውቀው አባቴ፣ ጎንበስ ብሎ እጄ ላይ ውሃ ያፈስልኝ ጀመር።

እናቴ ከውስጥ "መጣሽ? ምን አገኘሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ። ነገ እንግዲህ የት እንፈልግ?"

አባቴ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገና አሰብ አደረገ። "ትዝ አለኝ" አለ። "ጎታው ሥር ነው።"

"አዎ" አልኩ እኔ፣ "አረንጓዴ ፌስታል ነበር፤ እኔም አይቻለሁ።"